አብሮ የማይለካ

በሲሮስ ደሴት ላይ፣ በጠባቧ ሱቋ፣
ኤቫንቲያ ለካችው፣ መነጽር አጥልቃ።
ስታማቲስ፣ አርባ ዓመት ጆንያ የተሸከመ፣
ቀኝ ትከሻው ዝቅ ብሎ ሁለት ጣት ዘመመ።
«አሲሜትሮስ» አለች፣ መርፌ በጥርሷ ይዛ።

«አ» የለም ነው። «ሲን» አብሮ።
«ሜትሮን» ልኬት፣ ካንገቷ የሚወርደው ቢጫ ጥብጣብ።
አብሮ የማይለካ። ስድብ አልነበረም ጥንት፤
ካሬ ሥለው፣
ጎኑንና ሰያፉን ባንድ ዘንግ ሊለኩ ቢነሡ፣
ትራፊ ተረፈ፤ ትራፊው ትራፊ ወለደ፤
ማለቂያ ሲያጡለት ይህን ስም አወጡለት።

«የትኛው ነው ልኩ?» አለ ሽማግሌው ስቆ።

መልስ አልሰጠችውም። ሁለት ቁጥር ጻፈች፤
በጠመኔ አሰመረች፤
ቀኙን ለብቻው፣ ግራውን ለብቻው ቀደደች።
ለልጁ ሠርግ ነው ኮቱ፤ ቅዳሜ ይደርሳል።