ከፍሪጁ በስተሰሜን

ዓርብ ነው፣ ረፋድ ላይ። ከሌሊት ሥራዬ
ገብቼ ሳበቃ፣ ሳይወልቅ ጫማዬ፣
ኖጋ በሩ ላይ ናት፣ ቦርሳዋን አንግታ፣
ስልኬን ከኪሴ ውስጥ በሁለት ጣት አውጥታ።
“አባ፣ ሦስት መቶ ሜትር!” ትላለች፤
የፊት ጥርሷ ወልቋል፣ “ሦ” ስትል ታፏጫለች።

ጨዋታው እንዲህ ነው፦ የማናውቀው ሰው
ቆርቆሮ ሣጥን አንድ ሥፍራ ይደብቃል፤
ቁጥሩን ሳተላይት ከላይ ይጠብቃል፤
የቀረው የእግር ነው።
ያገኘ ስሙን ይጽፋል፣ አንድ ነገር ይወስዳል፣
አንድ ነገር ይተዋል፣ ቅጠል አልብሶት ይሄዳል።

ሐዴራ ዳርቻ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፣
ባሕር ዛፉ ቆሟል፣ ልጡ እንደ አሮጌ ጋዜጣ ተቀዶ።
“ባሕሩ የታል?” አለች፣ ጆሮዋን ግንዱ ላይ ለጥፋ፤
ስሙን በአማርኛ መንገሬ ነው ጥፋቱ።
“ባሕር ተሻግሮ ስለ መጣ ነው” አልኳት።
“እንደ አንተ?”
እንደ እኔ።
(እኔ የመጣሁት በአውሮፕላን ነው። አላረምኳትም።)

ሁለት ዓርብ ለፍተን ባዶ እጃችንን ገባን።
አንዴ ቀስቱ ኩሬ ውስጥ መራን፣ አንዴ ባትሪው ሞተብን።
እናቷ ጥሩወርቅ “ምን አገኛችሁ?” ስትል
ኖጋ ካልሲዋን ገልብጣ አሸዋ አፈሰሰች፦ “ይኸው!”

ዛሬ ግን ቀስቱ ቆመ። “አራት ሜትር” ይላል።
አራት ሜትር ስልክ ያውቃል እንጂ እጅ መች ያውቃል?
ጎንበስ ብዬ በሥሮቹ መሐል ዳበስኩ፤
ሸረሪት፣ የቢራ ክዳን፣ እርጥብ አፈር ነካሁ።
ከኋላዬ ድምፅ መጣ፦
“አንተ! ምን እያስቀመጥክ ነው?”

ምን ፈለግክ አላለም። ምን አስቀመጥክ ነው ያለው።
በዚህ አገር ዛፍ ሥር የተተወ ሣጥን ተረት አይደለም፤
ባለቤት ያጣ ቦርሳ መንገድ ያዘጋል፣ አውቶቡስ ያራግፋል፤
ያጎነበሰው ሰው መልክም ጥያቄውን ያከብደዋል።
እጄን ቀስ ብዬ አወጣሁ፣ መዳፌን ገልጬ አሳየሁ።
የተለማመድኩት ነገር ነው።
ልጄ ግን ገና አልተለማመደችም።

“ሽሽሽ!” አለችው፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣
“ከጮህክ ሣጥኑ ይነቃል።”
ጥበቃው፣ ቪያቸስላቭ ይላል ደረቱ ላይ፣
እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ስልኩን አየ።
ረዘመብኝ።
ከዚያ ጉልበቱ ቋ እያለ ተንበረከከ፤
“የእኔም ልጅ ትንሽ ሳለች...” ብሎ ጀመረና ተወው፤
ባትሪውን አብርቶ፣ እውነት ለመናገር፣ እሱ ነው ያገኘው፤
በግንዱ ሽንቁር ውስጥ፣ ልጥ ለብሶ የተኛ
የሻይ ቆርቆሮ።

ውስጡ፦ የዛገ ቁልፍ፣ የማን አገር እንደሆነ ያልለየነው ሳንቲም፣
አንድ እግሩ የጠፋ ዳይኖሰር፣ የስሞች ጥቅልል።
ኖጋ ዳይኖሰሩን ወሰደች። በምትኩ ከኪሷ
በሶፍት የተጠቀለለች ነገር አወጣች፤ ጥርሷ።
እኔ ልጅ ሳለሁ ጥርሴን ጣራ ላይ ወርውሬ
ቁራን አዲስ ለምኛለሁ፤
አራተኛ ፎቅ ግን ምን ጣራ አለው?
ጣራችን የጎረቤት ወለል ነው።
“ቁራው ከፈለገ” አለች፣ “ቁጥሩ ስልክ ላይ አለ።”

ጥቅልሉን ዘረጋን። እሷ ከቀኝ ጀመረች፣
በዕብራይስጥ፣ ምላሷን አውጥታ፤ እኔ ከግራ በፊደሌ፤
መሐል ላይ ተጋጨን። የመጨረሻዋን ፊደል
በእኔ “ኘ” እግር ሥር አስጠጋቻት።
ስሜን ነው የጻፍኩት፦ ተገኘ።
ስምም ነው፣ ወሬም ነው፤ ሌላ መጨመር አላስፈለገኝም።
ቪያቸስላቭ እስክሪብቶውን ተቀበለን፣ አሰበ፣
ከታች በራሱ ፊደል ሞነጫጨረ፣
ግራ ቀኙን አይቶ ልጡን መለሰ።

እሑድ ማታ ለሥራ ልወጣ ስል ቁልፌ የለም።
ኪሴን፣ መሳቢያውን፣ ሶፋውን ፈተሽኩ፤ የለም።
የፍሪጁ በር ላይ አንድ ወረቀት፦
ቀስት፣ ወደ ሰሜን። ሰባት ቁጥር፣ የተንጋደደ።
ከጎኑ ትንሽ እግር ሥላለች፣
የእኔን አይደለም፣ የራሷን።
ተኝታለች፤ ዳይኖሰሩ ጆሮዋ ሥር ነው።
ታች አውቶቡሱ ጡሩምባ ነፋ።
ኮሪደሩን ተረከዝ ከጣት እያገጣጠምኩ፣
በእሷ እርምጃ፣
አምስት። ስድስት።