የገንዘብ ያዡ ሪፖርት

ክቡራን አባላት፣ እንዴት አመሻችሁ፤
ወንበር ጎደለ እንጂ ሞልታችሁ መጣችሁ።
ቁጥር ብቻ ሳነብ ስለምታንቀላፉ፣
ዘንድሮ ሪፖርቱ በግጥም ነው ጽሑፉ።

ከሐዲዱ ማዶ፣ ከእህል ጎተራው ሥር፣
ንፋስ ብቻ የሚያንኳኳው ሰማያዊ በር፤
ኢንገር ሃልቮርሰን አርባ ዓመት ሙሉ
የጻፈችባት ቤት፣ ጎረቤቶች ሲሉ
«መብራት አታጠፋም፣ ሰውም አትጠራ»፤
ያቺን ነው የገዛን፣ ከነቀዳዳ ጣራ።

ዓለም ሲያጨበጭብ፣ ሽልማት ሲሰጣት፣
ብሩክስ ግን ቂም ይዛ ሰላምታ ነሣቻት።
በመጽሐፏ ውስጥ ማንንም አልማረች፤
ፓስተሩን ገብጋባ፣ ሐኪሙን ፈሪ አለች፤
የእንጨት ነጋዴውን፣ ኮዋልቹክን ደግሞ፣
ስሙን ብቻ ለውጣ፣ ሰክሮ፣ በረዶ ላይ ቆሞ
የልጁን ስም ሲረሳ።

እኔ ከመጽሐፎቿ ያነበብኩት አንዱን፤
ሥጋ ፋብሪካው ምሳ ክፍል ያገኘሁትን፣ ሽፋን የሌለውን።
በሩብ ሰዓት እረፍት፣ ጓንቴን አውልቄ፣
ሦስት ገጽ፣ አራት ገጽ፣ አንዳንዴ ስቄ፣
አንዳንዴም ተናድጄ።
የገባኝ ይህ ነው፦ ሴትየዋ አትዋሽም።
አታቆላምጥም እንጂ፣ ማንንም አትንቅም።

ወደ ሒሳቡ ልግባ።
ከሊበራታ የኬክ ሽያጭ፣ ስድስት መቶ አርባ፤
ከትምህርት ቤት ልጆች፣ በቆርቆሮ፣ ሳንቲም
(ጣቴ ብረት ብረት ይሸታል እስከ ዛሬም)፤
ከሶማሌዎቹ ሱቅ፣ ቀለም በዱቤ፤
ከእኛ እቁብ፣ የእኔ ዕጣ፣ በሙሉ ልቤ።
ባለቤቴ ትፍረድ፣ እዚያ ጥግ ተቀምጣለች፤
ፍሪጅ ልንገዛ ነበር፤ አሁንም አልሳቀች።

ግድግዳውን ስንፍቅ፣ ወረቀት ከወረቀት ሥር፣
ከዚያ ጋዜጣ፣ የስንዴ ዋጋ፣ የሞተች አይጥ፣ አንድ አዝራር።
ብዙዎቻችሁ የእጅ ጽሑፍ ይገኛል ብላችሁ ጓጉታችኋል፤
አልተገኘም። ለቃለ ጉባኤው ይህም ተመዝግቧል።

የተሰበሰበው ሁሉ ለወለል አልበቃም፤
ሐምሌ ላይ ሥራው ቆመ፤ መዶሻም አልተሰማም።

አንድ ቅዳሜ ጧት፣ ጭነት መኪናውን እያስጓራ
መጣ ዱዌይን ኮዋልቹክ፤ ማንንም ሳይጠራ
ሳንቃ ማውረድ ጀመረ። ጥድ ነው፣ ሙጫው ያልደረቀ።
ደረሰኝ ልጽፍለት ስል፣ እጄን በእጁ አራቀ።

«አባቴን ሰካራም ብላ ጽፋለች» አለኝ፤
«ሃምሳ ዓመት ሙሉ መጽሐፏን ጠላሁ፣ አንድ ቀን ሳልገልጥ እንዲያመልጠኝ።
ባለፈው ክረምት ገለጥኩት። ገጽ መቶ አሥራ ሁለት።
አባቴ በረዶ ላይ ቆሟል። ስሜ ጠፍቶበት
የማንንም ስም አይጠራም። ‹ያ... ያ የእኔ› ይላል፤ ያለቅሳል።
‹ያ የእኔ› ማለቱን፣ ከእሷ በቀር ማን ሰምቷል?»

ከዚያ ወለሉን ለካ። «ሦስት ጣት ይጎድላል» አለ።
ሰኞ ተመልሶ መጣ።

የቀረው አንድ አጀንዳ፦ በሩ ላይ የሚለጠፈው።
ከንቲባው «የከተማችን ኩራት» ይባል ይላሉ፣ ያው።
እሷ ብትሰማ፣ ሳቁ ይገድላት ነበር እንደገና፤
ኮራንባት? በገና ካርድ እንኳን ማን አስታወሳትና!
የእኔ ሐሳብ፦ ስሟ ይጻፍ። ስሟ ብቻ።
ኩራቱን ለሌላ ቀን እናቆየው።

ቀሪ በካዝና፦ አሥራ አንድ ዶላር ከሰባ።
ለአምፖል ይሁን። ቤቱ ማታም ይብራ፤ የመጣ ይግባ።

የሚደግፍ እጁን ያውጣ።