የውሃ አባት

አርባ ዓመት ሙሉ ከላህ ቦይ ዳር
ውሃ ሲያካፍል የሚያድር፣
ለዘመድ ሳያዳላ፣ ሹም ሳይፈራ፤
ስሙ ይርሳው ቢሆንም፣ አባቴ አይረሳም የሰው ተራ።
ማን ማክሰኞ እንደሚያጠጣ፣
የማን ሽንኩርት እንደነጣ፣
የማን በርበሬ ውሃ እንደጠማው
መዝገብ የለውም፤ ልቡ ነው የሚያሰማው።

በጥር፣ ዶማውን እንደያዘ፣
ቀኝ እጁ ፈዘዘ።
አፉ ወደ ጎን ሄደ። ቃል ሲያጣ፣
"እንትን" ብቻ ወጣ።
"ምች ነው" አሉ። በባጃጅ ጭነን
ፍኖተ ሰላም አመሸን።

የላብራቶሪ ሰው ነኝ፤ ደም አውቃለሁ።
ሌሊት ከአልጋው ግርጌ ተቀምጬ አነባለሁ።

ከፀጉር በቀጠነው ስር፣
ቀይ የደም ሴል አንድ ባንድ በሚያልፍበት በር፣
ግድግዳውን ከውጭ አቅፈው
የሚቀመጡ አሉ፣ ክንዳቸውን ዘርግተው።
ፔሪሳይት ይሏቸዋል፤ ለኔ ምላስ አይመችም፤
የውሃ አባት ብላቸው ማንም አይከሰኝም።

ያን ቀን ግን ደነገጡ፤
ቦዩን ጨበጡ፣ አጥብቀው ጨበጡ፣
እንደጨበጡም ሞቱ።
የረጋው ደም ሟሙቶ እንኳ፣ ሳይጠጣ ቀረ አትክልቱ።

ልረግማቸው ነበር። ግን ትዝ አለኝ አንድ ሌሊት፣
ያለጊዜው ጎርፍ መጥቶ፣ አባቴ ፈርቶ ቦዩን የዘጋበት።
ጎርፉ አለፈ፤ እሱ ግን ስምንት ቀን አልከፈተም፤
የእመት አንጓች ድንች አልተረፈም።
እሷም አልከሰሰችው፣ እሱም አልተናገረ፤
ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጭቃ አቡክቶ፣ እስኪመሽ ሲጠግን ነበረ።

የተረፉትም እንዲሁ ናቸው።
ክንዳቸውን ከዳሩ አላቀው
ይበዛሉ፤ ወደ ፈረሰው ይሳባሉ፤
ጠባሳ ይመርጋሉ፤
አዲስ ስር ሲያቆጠቁጥ፣ ገና ልስልስ፣
ተደግፈው ያቆሙታል፣ ደሙ ሜዳ እንዳይፈስ።
እኔ አላያቸውም። ማይክሮስኮፔ ሕያው ራስ ውስጥ አይገባም።
የማየው ጣቱን ነው፤ ዛሬ ማንኪያው አልወደቀም።

በመጋቢት ከቦዩ ዳር በርጩማ ላይ አስቀመጥነው።
ሁለት ጎረቤት ዶማ አንስቶ፣ "ተራው የኔ ነው!" "የኔ ነው!"

አባቴ አፉን ከፈተ። "እንትን" እስኪል ጠበቅን።
"ተራው..." አለ፣ ላብ እያጠመቀው፣ "የ... አንጓች።"
ዝም አልን።

አልነበረም። ቀኑ ሰኞ፤ የሷ ተራ ሐሙስ ነው።
ማንም አላረመው።
አንዱ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን በዶማ ገፈፈ፤
ውሃው ትንሽ አመነታና፣ ወደ ድንቹ ታጠፈ።