የሆድ ነገር

ጥር ሲገባ ሱ ፎልስ፣ ፏፏቴው ግማሹ ቆሟል፣
ግማሹ ከበረዶው ሥር፣ ሳይታይ ሲሄድ ይሰማል።
ከቄራው የሌሊት ፈረቃ፣ የወጣች እናት ከልጇ
ይተላለፋሉ ደጃፍ ላይ፣ ቁልፍ ተቀብሎ ከእጇ፤
እሷ ልትተኛ፣ እሱ ሊማር።

ቢሮዬ ከጂሙ ጎን ነው፤ ኳስ በነጠረ ቁጥር
የዓይን መመርመሪያው ሰሌዳ፣ ይንቀጠቀጣል በሚስማር።
አንድ አልጋ፣ አንድ ሚዛን፣ ኢንሱሊን የያዘ ፍሪጅ፤
አንዲት ነርስ አለች እዚህ፣ ለሺህ ሁለት መቶ ልጅ።
ይመጣሉ።
አንዱ በአስሙ፣ አንዷ በስኳሯ፣ አንዱ ያበጠ ጣቱን ይዞ፣
አንዱ የሒሳብ ፈተና ፈርቶ፣ ፊቱን አኮማትሮ፣ ፈዝዞ።
ብዙዎቹ ግን የሚሉት አንድ ነው፦
«ሆዴን አመመኝ።»

ቅጹ ላይ ሳጥን አለች፣ «የሆድ ሕመም» የምትል፣
ጥፍር የምታህል።
እኔ ባደግኩበት ቋንቋ ግን ሆድ እንዲህ ጠባብ አይደለም፤
የማያድርበት የለም።
ምስጢር ያድርበታል፣ ቂም ያድርበታል፣
ይባባል፣ ይሰፋል፣ ይሻክራል፤
«ሆድ ይፍጀው» ተብሎ የተዋጠም፣ እውነትም ይፈጃል።
«ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ያሉት
አይተው ነው እንጂ፣ ቅጽ ሞልተው አይደለም ያወቁት።

ይህን አውቃለሁ ብዬ ኮርቼ ነበር።

ሱስሚታ የምትባል፣ ዐሥራ አምስት ዓመቷ፣
ሰኞ ሰኞ ነበር ሁልጊዜ መምጫዋ።
የልብ ጓደኛዋ ከድታታለች፤ እሱን ነግራኛለች።
በአራተኛው ሰኞ መጥታ ጋደም አለች።
«ያው የጓደኛዋ ነገር» ብዬ ውኃ ሰጥቻት ወጣሁ።
ስመለስ ጉልበቷን አጥፋ፣ ከንፈሯ ነጥቶ አየሁ።
በቀኝ በኩል፣ ከታች፣ ተጫንኳት። እጄን ሳነሣ ጮኸች።
ትርፍ አንጀት። ለጥቂት ተረፈች።
ለጥቂት!
ተረቱን ይዤ ሆዷን ረስቼው ነበር።
ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ እጄን አሙቄ እዳስሳለሁ፤
ጆሮዬን የምሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ዛሬ ዊልመር መጣ፣ የቤቱ ቁልፍ አንገቱ ላይ በክር።
«ሆዴን» አለ።
ሙቀቱ ደህና። ተጫንኩት፤ ለስላሳ ነው።
«ከመቼ ጀምሮ?» አልኩት። ጣራውን አየ።
የምሳ ደወል ተደወለ፤ አልተነሣም፤ አላስነሣሁትም።
ማንዳሪን ላጥኩና ግማሹን ወረቀት ላይ አስቀመጥኩለት።
ኳሱ ይነጥራል። ሰሌዳው ይንቀጠቀጣል።
በመጨረሻ ከኪሱ፣ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ
ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው፣ አንገቱን ደፍቶ።
«ይዤው ቤት መግባት አልፈልግም» አለኝ።

ማጭድ ነበር።
ጥፍር የምታህል ማጭድ።

አልጮኽኩም። ለምን አላልኩም።
«ለኔ ስለሰጠኸኝ አመሰግናለሁ» አልኩትና ቆለፍኩበት።
«አሁን አማካሪያችንን እጠራለሁ፤ ለእናትህም እደውላለሁ፤
እዚሁ፣ ፊትህ ነው የምደውለው፤ የምላትን ሁሉ ትሰማለህ።»
«ገና መተኛቷ ነው» አለ።
በዚህ ሁሉ መሀል፣ የሚያዝነው ለእንቅልፏ ነው።
«ልጄ፣ እንቅልፍ ይደርሳል» አልኩት።

ስልኩ አምስት ጊዜ ጠራ።
በስድስተኛው፣ ገና ድምጿን ሳልሰማ፣
እጁ ወደ ወረቀቱ ሄዶ አንዲት ፍሬ አነሣ።

ማታ ቅጹን ስሞላ፣ ሳጥኗ ላይ ምልክት አደረግኩ።
ከሥሯ «ማስታወሻ» የሚል ሁለት መስመር አለ፤
ሦስተኛውን ኅዳጉ ላይ ጻፍኩ።
ነገ የሒሳብ ፈተና አለ።
አልጋው ላይ አዲስ ወረቀት ዘርግቼ
መብራቱን አጠፋሁ።