ስድስት መቶ ሃምሳ ዘጠኝ

ታይፒንግ ላይ ዝናብ ቀጠሮ አያጠፋም፤
አሥር ሰዓት ካለ ቆርቆሯችን አያርፍም።
በዚያች ሰዓት ደረሰች ቺክጉ ሮኪያህ፣ መምህሬ፣
ሁለት ዓመት በሂሳብ የጣለችኝ፤ እስከ ዛሬ
ፊቷ ስቆም መዳፌ ያልበኛል።
ካንቺሏ እያሳለች ጋራዡ በር ገባች፣
በአንድ መጥረጊያ ብቻ መስታወቷን እየጠረገች።
ስሟን ያወጡላት በጫካዋ ሚዳቋ ነው፣
በተረት ነብሩን አታላ ባመለጠችው፤
ይህችኛዋ ግን ዳገት ማታለል አልሆነላትም።

“እህቴ ደጋ ነች፣ ብሪንቻንግ ነው ቤቷ።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ በየበዓሉ፣
በአንደኛ ማርሽ ስንፏቀቅ ወጣሁት፤
ጎመን አራግፎ የሚመለስ መኪና ጡሩንባ ሲነፋብኝ፣
ልጆቼ ወርደው ሲገፉ መንገደኛ ሲስቅብኝ።
ጡረታዬ ይኸው፤ ቁጠረው፣ አልጎደለም።
ዳገቱ ይቅርታ ሳይለኝ አልሞትም።”

ሌላ ይግዙ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፦
“ባሌን በዚያ ሌሊት ሐኪም ቤት ያደረሰችልኝ
እሷ ነች።”
ከዚህ ወዲያ ሰው ምን ይላል? ኮፈኑን ከፈትኩ።

ኢፖህ ወረድኩ፣ ቹን ሄንግ ግቢ፣
ከጃፓን በመርከብ የመጡ ግማሽ መኪኖች
ተደራርበው ዝናብ ወደሚመታቸው፤
ፊት አላቸው እንጂ ወገብ የላቸው፣
በመጋዝ የተለዩ ከገዛ ጀርባቸው።
ካንዷ መሪ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል
የልጅ ጓንት፤ ቀይ ሱፍ፤ የአንድ እጅ ብቻ።
በረዶ አገር ነበረች ማለት ነው።
“ከሞተሩ ጋር ውሰደው” አለ ቹን ሄንግ፣ “ዋጋ ግን አልቀንስም።”

አሮጌው ሞተር በሰንሰለት ተነሣ፣
ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ ዘይቱን በየመንገዱ የረሳ።
አዲሱ ባለ አራት፤ ጎኑ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ
የተጠቀለለች ብረት፣ ተርቦዋ።
ቺክጉ በየቀኑ ወንበር ስባ
ታፋጥጠኛለች፣ እንደ ፈተና፦
“የአሮጌው ልክ?” ስድስት መቶ ሃምሳ ዘጠኝ።
“የአዲሱስ?” ስድስት መቶ ሃምሳ ዘጠኝ።
“እኩል ከእኩል ሲቀነስ ዜሮ ነው።
ታዲያ ገንዘቤን የበላው ምንድነው?”

“ልኩ ያው ነው ቺክጉ፣ ትንፋሹ ነው የተለየ።
ይሄኛው ከሆዱ የተፋው ጭስ
በመውጫው በር ላይ መንኮራኩር ያሾራል፤
መንኮራኩሩ ደግሞ በወዲያ በኩል
ንጹሕ አየር ጠቅጥቆ ያጎርሰዋል።
የሚጣል ነገር ነው ጉልበት የሚሆነው።”

ዝም አለች። ጡረታ ከወጣች ሦስት ወሯ ነው።
“የሚጣል?” አለችኝ።
ቡሎን የወደቀብኝ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ሁለት ሳምንት ፈጀ። ካምቢዮው አልገጥም አለ፤
ሙኒያንዲ መቀመጫውን ቆረጠ፣ እንደገና በየደ፤
በመጀመሪያው ሙከራ ጓርኒሲዮኑ ነደደ፣
ቴስታታውን አውርደን በባትሪ ብርሃን አመሸን።
ከሁሉ አስቀድሜ ግን ፍሬኗን ለወጥኩ።
ሩጫ የሚሰጥ ሰው መቆሚያ ካልሰጠ
ስጦታው ዕዳ ነው፤ ይህን ያለኝ አባቴ ነው፣
አንድ ጎረምሳ ደንበኛውን ቀብሮ በተመለሰ ቀን።

እሁድ በማለዳ ከሲምፓንግ ፑላይ ሽቅብ፤
እኔ ከጎኗ፣ ቀበቶዬን በሁለት እጄ።
ሦስተኛ ማርሽ። ትንሽ ዝምታ።
ከዚያ ፉጨት፣ ቀጭን፣ በቀርከሃ መሃል እንደሚሾልክ ነፋስ፤
ከዚያ ጀርባችን ወንበሩ ላይ ተለጠፈ።
የጎመኑ መኪና ፊታችን ነበር።
ፍሬቻ አበራች፣ በሥርዓት፣ እንደ መምህር፤
አለፈችው።
አልሳቀችም። “ስልሳ” አለች፣ “ሰባ፣ ሰማንያ”፣
የምትቆጥርበት ከንፈሯ ብቻ እየተንቀጠቀጠ።
“ይበቃል ቺክጉ።”
“ዘጠኝ ጊዜ ስምንት ስልህ ጣሪያ የምታይ ልጅ
ዛሬ ቁጥር ልታስተምረኝ?”

ብሪንቻንግ ጉም ነበር። እህቷ በሩን ከፍታ
“ዛሬስ ማን ገፋሽ?” አለች፣ እንደ ልማዷ።
ቺክጉ አልመለሰችም። ኮፈኑን በመዳፏ ነካችው፣
ቶሎ አነሣች፤ ይፋጃል።
ቀዩን ጓንት ከኪሷ አወጣች፣
አጠለቀችው፤ ሦስት ጣቷን ብቻ ነው የያዘላት፤
መልሳ ዳበሰችው የጋለውን ብረት።