የመጨረሻው ጉንጭ

ያየህ ወንድሜ ብርጭቆ ውሃ አይጨርስም፤
ታች አንድ ጉንጭ ያስቀራል፤ ለምን ቢሉት አይመልስም።
እኔ ነበርኩ ያንን ትራፊ እየሳቅሁ የምጨልጠው፤
እናቴ ወደ ግድግዳ ትዞራለች፣
እሱ ባሕሩን ነው የሚያየው።

ጊቫት ኦልጋ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጨው የበላው የመስኮት ብረት፤
ማዶ የመብራት ኃይሉ ጭስ ማውጫዎች፣
ሦስቱ በሰልፍ፣ እንደ ወንድምና እህት።
እኛ ግን ሁለት ነን፦
የእሱ የወታደር ሻንጣ፣ የእኔ የትምህርት ቤት ቦርሳ።
እናቴ ዳቦ ስታድለን ለሦስት ቆርሳ፣
አንዱን ቁራሽ መልሳ ላስቲክ ውስጥ ትከታለች፤
"ለነገ" ትላለች።

በትምህርት ቤት ሞራን ነኝ፤ ደረጃውን ስወጣ ምትኬ።
"ምትኬ፣ ወተት ግዢ!" "ምትኬ፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሺው!"
አቤት እላለሁ።
አማርኛዬ የወጥ ቤት ነው፤ ጨው፣ ማንኪያ፣ ዝጊው ላይ ያበቃል፤
ስም ጫማ ነው፤ ልክ ከሆነ ማን ገልብጦ ያየዋል?

ከከተማው ቤተ መጻሕፍት የወጣቶች ልብ ወለድ እዋሳለሁ፤
አልጋዬ ላይ በደረቴ ተኝቼ አነባለሁ።
እዚያ፣ ወንድምና እህት ከጣሪያ ሥር ሣጥን ያገኛሉ፤
ደብዳቤ፣ ፎቶ፣ የሕፃን ካልሲ፤
ገጽ ሁለት መቶ ላይ ምስጢሩ ሲፈታ
በር ላይ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ።
የእኛ ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ማሞቂያ ነው።
እናቴም ፊደል አልቆጠረች፤ ደብዳቤውን የሚጽፈው ማነው?

አባቴ በየዓመቱ፣ በኢየሩሳሌም ቀን፣ ነጭ ለብሶ ይወጣል፤
"የት ነው?" ስለው
"ዘመድ ልጠይቅ" ይላል።
ማታ ሲገባ እጁ ክብሪት ክብሪት ይሸታል።

እሱም ሞተ።
ሰባቱን ቀን ከሕንፃው ሥር፣ ከተደረደረው የፕላስቲክ ወንበር
አስለቃሿ ሸጋዬ ከነታንያ መጥታ ቆመች፣ ሙሾ ልታወርድ፦

"ሂድ እንግዲህ መኳንንት፣ መንገዱም አይርቅህ፤
ብቻዋን ስትጠብቅ ኖራለች ጥሩወርቅህ።"

ለቅሶው ደረቀ።
አንዷ ሌላዋን በክርኗ ጎሸመች፤
እናቴ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ሳበች።
"ጥሩወርቅ ማናት?" አልኩ፣ በዕብራይስጥ፣ ጮክ ብዬ።
ያየህ ተነሥቶ ወንበር ይደራርብ ጀመር፣
ሰው እንደተቀመጠ።

ተከተልኩት፤ አሸዋው ላይ ደረስኩበት።
"ያየህ፣ ምን አየህ?"
ማዕበሉ ስንት ጊዜ መጥቶ ሄደ፤ አልቆጠርኩም።
"ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እሷ አምስት።
የምንሄደው ሌሊት ነው፣ ወደ ሱዳን።
ጀሪካኑን የያዝኩት እኔ።
አንድ ጉንጭ ቀርታ ነበር፤
'ለእህትህ አስቀር' አለኝ አባባ።
ጨለማ ነው፣ ማን ያየኛል ብዬ…"

አልጨረሰውም፣
እንደ ብርጭቆው።

ያኔ ነው ስሜን ገልብጬ ያየሁት።
ምትኬ ሰሙ ነው፤ ወርቁ ጥሩወርቅ፣
የበረሃ አሸዋ የለበሰች።
አሥራ ስድስት ዓመት ምስጢሩን በየደረጃው፣ በየመስኮቱ ተጣሩት፤
ጎረቤት ሰማ፣ የወተት ሻጩ ሰማ፤
እኔ ብቻ፣ አቤት እያልኩ፣ ሳልሰማ።

አልተቃቀፍንም።
እውነት ለመናገር ተናደድኩበት፤
ስለ ውሃው አይደለም፣ ልጅ ነበረ።
ያን ትራፊ ስጨልጥ
ቁጭ ብሎ ያየኝ ስለነበረ።

ማታ እራት ላይ ጠጣ፤ አንድ ጉንጭ አስቀረ።
ብርጭቆው በመካከላችን ቆመ።
አልጠጣሁትም፣ አልደፋሁትም።
እናቴ ሁለታችንንም አየችን፤
እንጀራዋ እጇ ላይ ቀረ።

ጠዋት ስነሣ ታጥቦ ተደፍቷል።
ማን እንዳጠበው፣
ውሃውንም ማን እንደጠጣው፣
እስከ ዛሬ አንጠያየቅም።