እሳት ልጭር

ግሪምዝቢ ላይ፣ ባሕሩ ዳር፣ ኅዳር ገና በባተ፣
የዓሣው ፋብሪካ ተዘጋ፤ የፈረቃው ደወል ሞተ።
ዊልፍ ጋርሳይድ፣ ሠላሳ ዓመት ዓሣ ሲበልት የኖረ፣
ቢላዋውን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ወደ ቤቱ ዞረ።

እኔ ከመንገዱ ማዶ ነኝ፤ ቁጥር ሃያ ሁለት ቤት።
መጋረጃዬን ገለጥ አድርጌ አየሁት አንድ ምሽት፤
ቤቱ ድርግም ብሏል፤ ቆጣሪው ሳንቲሙን ልሶ ጨርሶ፣
እሱ ወንበር ላይ ቁጭ ብሏል፣ ኮፍያና ካፖርት ለብሶ።
አየሁ። አየሁና ምን አደረግሁ? መጋረጃዬን መለስኩ።
«የሰው ገመና ነው» አልኩ። ሻዬን አማስዬ ቀመስኩ።
ጨዋነት አንዳንድ ጊዜ ስንፍና የሚለብሰው ካባ፤
ይህን ያን ማታ አላሰብኩም፣ ከብርድ ልብሴ ስገባ።

ኖሪን ታስከር ጎረቤቱ ናት፣ ግድግዳ የምትጋራው፤
ጉልበቷ በሽተኛ ነው፣ ምላሷን ማንም የማይገራው።
«ደህና ነህ ወይ?» አላለችም። ስለ ቆጣሪ ቃል አልተነፈሰች።
ብርቱካንማ የመብራት ገመድ እየጎተተች ደረሰች፤
መጋጠሚያውን በዳቦ ፌስታል አስራ፣ ጫፉን በመስኮት አቀበለች፤
«ሶኬቴ ሥራ ፈትቷል፣ ማንቆርቆሪያህን ሰካበት» አለች።

ድሮ በገል ነበር እሳት ከጎረቤት የሚጫረው፤
ዘንድሮ በገመድ ይምጣ እንጂ፣ ፍሙን ምን ሊቀይረው!

ሐሙስ ሐሙስ በሜቶዲስቶች አዳራሽ የምግብ እደላ አለ፤
ዊልፍ በደጁ ሦስቴ አለፈ፤ ሦስቴም ለራሱ «አይ» አለ።
አንዴ የጫማውን ማሰሪያ ሊያስር፣ አንዴ ማስታወቂያ ሊያነብ፣
አንዴ ደግሞ ወደ ላይ አንጋጦ ስለ ባሕር ወፎች ሊያስብ።
በአራተኛው፣ ዣንጥላ በሚገለብጥ ነፋስ፣
ሩክሳና የምትባል ሴት ድንች በጆንያ ስታመላልስ
አየችው። ስምህ ማነው፣ ማስረጃህን አምጣ አላለች፤
«ጀርባ አለህ አይደል?» ብላ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣለች።
እንዲህ ነው የገባው፤ ተቀባይ ሳይሆን ተሸካሚ ሆኖ፤
ማታ ከረጢት ይዞ ወጣ፣ በ«ድካምህ ዋጋ» ተሸፍኖ።
ባቄላ በቆርቆሮ፣ ፓስታ፣ ሻይ፣ የሕፃን ሳሙና።
(ሕፃን የለውም፤ ታጠበበት። ሳሙና ያው ነው፣ ሳሙና።)

በጥር አንድ ነጋዴ ሦስት ሣጥን ሙሉ ዓሣ ላከ፤
ያልተበለተ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፤ ሽታው አዳራሹን አወከ።
ፈቃደኞቹ ተያዩ። ዊልፍ ምንም ሳይል ቤቱ ሄደ፤
ያን ቢላዋ ከጋዜጣው ፈትቶ፣ በሞረድ ሞረደ።
ከዚያማ እጁን ማየት ነበር!
አንድ ጊዜ ከጉሮሮው፣ አንድ ጊዜ በአከርካሪው ጥግ፣
ሥጋው እንደ መጽሐፍ ሲገለጥ፣ በሥርዓት፣ በወግ በማዕረግ።

ቀና ሲል፣ ከወረፋው መሃል አንዲት ሴት ቆማ አየ፤
ኖሪን ናት። ባዶ ከረጢት ይዛለች። ፊቱ ባንዴ ተለየ።
ለካስ እሷም በየማታው ቆጣሪው ነው የሚያስፈራት፤
ለካስ ከትርፏ አይደለም፣ ከጉድለቷ የቆረሰችው መብራት።
ምን ይበላት? ምንም አላለ። ትልቁን ቁራጭ መረጠ፣
በጋዜጣ ጠቅልሎ እጇ ላይ አስቀመጠ።
«አጥንት የለውም» አላት። «እንደ ምላሴ በለኛ!» አለችው፤
ሳቀች፤ እሱንም፣ ከስንት ወር ወዲህ፣ ጥርሱን አስገለጠችው።

እኔስ? እኔ ከመንገዱ ማዶ፣ መጋረጃ ጀርባ ያለሁት?
በሚቀጥለው ሐሙስ ሄድኩ፣ ድንች ልመዝን። እውነቱን ልናገር፣ የሄድኩት
ከደግነት አልነበረም፤ ከእፍረት ነው። እፍረትም እግር አለው።
ሩክሳና ምክንያቴን አልጠየቀችም፤ ጆንያው ግን ክብደት አለው።

ገመዱ አሁንም አጥሩ ላይ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ያበራል።
የትኛው ጫፍ ሰጪ፣ የትኛው ተቀባይ፣ ከማዶ ቆሞ ማን ያጣራል?
መጋረጃዬን አውርጄ አጥቤዋለሁ።
ገና አልሰቀልኩትም።